የክረምቱን ከሰል ውጭ ለማስቀመጥ

ከሰልን በየዕለቱ በፌስታል ከሚገዛው ሰው ይልቅ በማዳበሪያ የሚገዛው፣ በማዳበሪያ ከሚገዛውም ይልቅ ከጎረቤቶቹ ጋር ተባብሮ በመኪና የሚያስወርደው በተሻለ ዋጋ እንደሚያገኝ በአዲስ አበባ ቤት ያስተዳደረ ሁሉ ያውቀዋል። በቂ ትኩረት የማይሰጠው ከሰሉ ከወረደ በኋላ የት እንደሚቀመጥ ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ አፍንጮ በር ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈራችን የተለመደው ቦታ የኩሽናው ጥግ፣ የደረጃው ሥር ወይም ቆርቆሮው በሚያንጠባጥብበት የቤቱ ጀርባ ሲሆን፣ ማዳበሪያው በባዶ መሬት ላይ ተደግፎ ይቆምና ላስቲክ ይለብሳል። በሐምሌ አጋማሽ ከታችኛው ግማሽ የሚወጣው ከሰል ግን በግንቦት የተገዛው ከሰል አይመስልም።

በእኛ ቤት ከሰል የሚነደው ለቡና፣ መብራት ሲጠፋ ለወጥ፣ ከዚያም ባልተናነሰ ለሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ፣ የነሐሴው ጉምና የኅዳርና የታኅሣሥ ቁር ለአረጋውያን ቀላል አይደለም፤ እናቴም በእነዚህ ወራት ያለ ምድጃ በረንዳ ላይ አትቀመጥም። በዚህ ምክንያት ባለፈው ዓመት አሥራ ሁለት ማዳበሪያ የሚይዝ የከሰል ማስቀመጫ በግቢያችን ውስጥ ለመሥራት ተነሣን። ከሠራነው በመነሣት ለሚያስብበት ሰው የምለው አንድ ነገር ነው፦ ገንዘቡና ጥንቃቄው በቅድሚያ መዋል ያለበት ከግድግዳውና ከጣሪያው ይልቅ በወለሉ ላይ ነው።

ምክንያቱ ከከሰሉ ጠባይ ይጀምራል። ከሰል ከከሰለበት ጉድጓድ በወጣበት ሰዓት በውስጡ ያለው እርጥበት ከ1 በመቶ ያነሰ ነው። ነገር ግን አካሉ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ በመሆኑ ጠብታ ዝናብ ሳይነካው ከአየር ብቻ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚደርስ እርጥበት ይስባል። ይህን ያህሉን ማንም ሊከላከለው አይችልም፤ ደግሞም ብዙ ጉዳት የለውም። ጉዳት የሚያመጣው ከዚያ በላይ የሚጨመረው ውሃ ሲሆን፣ እርሱም በአብዛኛው የሚመጣው ከታች ነው። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚዘንብባትና የዚህም አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባሉት ወራት በሚወርድባት ከተማ፣ መሬቱ ከሐምሌ ጀምሮ ውሃ እንደጠጣ ስፖንጅ ይሆንና በላዩ የተቀመጠውን ሁሉ ያጠጣል። ከላይ ላስቲክ ማልበስ ደግሞ ከሥር የወጣውን እንፋሎት አፍኖ ማስቀረት ነው።

እርጥብ ከሰል ሙቀቱ ሁሉ ውሃውን በማድረቅ ያልቃል የሚለው አባባል ግን የተጋነነ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ አሙቆ ለማትነን ወደ 2.6 ሜጋ ጁል ሙቀት ሲፈልግ፣ አንድ ኪሎ ግራም ጥሩ ከሰል ከ28 እስከ 30 ሜጋ ጁል ይሰጣል። ስለዚህ አንድ አሥረኛው ውሃ የሆነ ከሰል ውሃውን ለማትነን የሚያወጣው ከጠቅላላ ሙቀቱ አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እውነተኛው ኪሳራ በሚያያዝበት ሰዓት ይታያል። እርጥቡ ከሰል ቶሎ አይቀላም፤ ይንጣጣል፣ ፍንጣሪው ምንጣፍና ነጠላ ያቃጥላል፣ ክብሪትና ወረቀት ይፈጃል፣ አንዳንዱም ትዕግሥቱ አልቆ ጋዝ ያርከፈክፍበታል። በደረቅ ከሰል ፈጥኖ የሚያልቀው የጢሱ ጊዜም ይረዝማል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝም በዚሁ ጊዜ ይወጣል።

ቦታ ስንመርጥ በሰፈራችን ብዙ ቤት የገነቡ አንድ አዛውንት ግንበኛ አማከርን። በግቢው ሦስት ቦታዎች አሳየናቸው፤ እርሳቸውም አንድ ፌስታል ቀደው ሦስት ቦታ ከፈሉትና እያንዳንዱን ቁራጭ በየቦታው ዘርግተው ዳር ዳሩን በጠጠር ተጭነው ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ሲገልጡት ከአጥሩ ግንብ ሥር ያለው ፌስታል በውስጥ በኩል እንደ ድስት ክዳን ጠብታ አዝሎ ነበር፤ ከበሩ በስተቀኝ ከፍ ባለው መሬት ላይ የነበረው ግን ትንሽ ጉም ብቻ ይታይበታል። «ልጄ፣ ይኼኛው መሬት ያልበዋል፤ እዚህ እንኳን ከሰል ድንጋይም አይደርቅም» አሉኝ የመጀመሪያውን እያሳዩ። እኔ አስቀድሜ ያሰብኩት ከእይታ ስለሚሰወር ያንኑ የግንቡን ሥር ነበር፤ «ጋሼ፣ እንግዲያው በሩ አጠገብ ይሁን» ከማለት ሌላ የምመልሰው አልነበረኝም።

በሩ አጠገብ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። መንገዳችን ጠባብ በመሆኑ አይሱዙው አስፋልቱ ላይ ይቆምና ማዳበሪያው በጫኝና አውራጅ ትከሻ ነው የሚገባው። ተሸካሚው ግቢውን አቋርጦ በልብስ ማስጫውና በአበባው መካከል ካለፈ ጥቁሩ ዱቄት በሁሉም ላይ ይቀራል፤ በሩ አጠገብ ካወረደ ግን የሚጠረገው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው።

ወለሉ 2.40 ሜትር ርዝመትና 1.20 ሜትር ወርድ አለው። ቀዩ አፈር ጠንካራ እስኪገኝ ድረስ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ ወጣና በድንጋይ ተሞላ፤ በድንጋዩ ላይ ገረጋንቲ ፈሶ በደንብ ተጠቀጠቀ። በገረጋንቲው ላይ ወፍራም ላስቲክ በአንድ ቁራጭ ሳይቀጠል ተነጠፈ፤ ጠርዙም በአራቱም ማዕዘን ወደ ላይ እንዲታጠፍ ተደረገ። ከሥር የሚመጣውን እርጥበት የሚያቆመው ይህ ላስቲክ ነው፤ አርማታ ብቻውን አያቆመውም፤ ግንበኞች ብዙ ጊዜ «አርማታ ከሆነ ምን ያስገባል» ብለው የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። ከዚያ በላይ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋና አራት እጅ ጠጠር የተቀላቀለበት 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አርማታ ተሞላ። ለዚህ መጠን አንድ ኩንታል ሲሚንቶ፣ ማለትም ሁለት ባለ 50 ኪሎ ከረጢት፣ ይበቃል። የላይኛው ገጽ በዙሪያው ካለው መሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ እንዲል፣ ወደ ፊት ለፊትም በጣም በጥቂቱ እንዲያዘነብል በውሃ ልክ ተስተካከለ። ሥራው በግንቦት ስለነበረና ፀሐዩ ስለሚበረታ፣ አርማታው እንዳይሰነጠቅ ጆንያ አልብሰን ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣነው።

በዚህ ወለል ላይ እንኳ ማዳበሪያው በቀጥታ አይቀመጥም። ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የተገዙ ያገለገሉ ፓሌቶች ተቆርጠው ተነጥፈዋል፤ በእንጨቶቹ መካከል አየር ይመላለሳል፣ ድንገት ውሃ ቢገባም ከሥር አልፎ ይሄዳል። የገጠሩ ጎተራ በድንጋይ ላይ ከፍ ብሎ የሚቆምበት ምክንያት ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ከተማ ገብተን ስሚንቶ ስላገኘን ብቻ የተውነው ጥበብ ነው።

ግድግዳውን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። በሦስቱ ጎኖች በባለ 15 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ሦስት ረድፍ ተገነባ፤ ለዚህም 36 ብሎኬት በቃ። በታችኛው ረድፍ አንዳንዶቹ ብሎኬቶች በጎናቸው ተኝተው ቀዳዳቸው ወደ ውጭ እንዲያይ ተደርጎ አይጥ እንዳይገባ በሽቦ መረብ ተሸፍኗል። ከብሎኬቱ በላይ ያለው ክፍል በሞራሌ ላይ በተመታ ጣውላ፣ በመካከሉ የጣት ስፋት ያህል ክፍተት እየተተወ ተሠርቷል። ወጀብ ከሚመታው ጎን ብቻ ክፍተቱ በቆርቆሮ ተደፍኗል።

ጣሪያው ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የፊቱ ቁመት 1.90፣ የኋላው 1.60 ሜትር እንዲሆን ያደረግነው ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ ሳይቆረጥ ከፊት ወደ 45፣ ከኋላ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ተርፎ እንዲወጣ ነው። አራት ቆርቆሮ በወርድ ተደራርቦ ከሁለቱም ጎን ክንፍ ይተርፈዋል። ከፊት ያለው ረጅም ክንፍ በሩ ተከፍቶ ከሰል በሚወጣበት ጊዜ ዝናቡ ወደ ውስጥ እንዳይረጭ ያደርጋል፤ ከኋላ ያለው ደግሞ አሸንዳ ተገጥሞለት ውሃውን ወደ ግቢው ቦይ ይወስዳል። አሸንዳ ካልተገጠመ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ከግድግዳው ሥር እየመታ መሬቱን ስለሚያርሰው፣ ለወለሉ የተደረገው ድካም ሁሉ በአንድ ክረምት ይበላሻል።

ስለ እሳት ያሰብነው ስለ ውሃ ካሰብነው አያንስም። በመሀል ከተማ ያሉ የቆዩ ቤቶች በአብዛኛው የባሕር ዛፍ ማገርና ጭቃ ናቸው፤ ጣሪያቸውም እርስ በርሱ የተያያዘ ነው። አዲስ የከሰለ ከሰል ከአየር ኦክስጅን ሲስብ በራሱ ይሞቃል፤ ክምሩ ትልቅ፣ ከሰሉ ትኩስ፣ ብናኙም ብዙ ከሆነ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ሊቀጣጠል ይችላል። በዓለም አቀፉ የአደገኛ ዕቃዎች አመዳደብ ከሰል በራሳቸው ሊቀጣጠሉ ከሚችሉ ነገሮች ጋር በምድብ 4.2 የተቀመጠው በዚህ ጠባዩ ነው። በአሥራ ሁለት ማዳበሪያ መጠን ይህ ብዙ የሚያሰጋ አይደለም፤ የሚያሰጋው በደንብ ሳይጠፋ ከጉድጓድ ወጥቶ በማዳበሪያው መሀል ተደብቆ የሚመጣ አንድ ፍም ነው። ስለዚህ የመጣው ከሰል ወዲያውኑ ወደ ማስቀመጫው አይገባም። ማዳበሪያዎቹ ተራርቀው ከቤት ፈንጠር ባለው ሜዳ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይቆማሉ፤ ጠዋት ላይ እያንዳንዱ በእጅ ተዳስሶ፣ የሞቀ ወይም የሚጨስ ነገር የሚሸት ካለ ፈሶ ይበተናል።

ማስቀመጫው ከመኖሪያ ቤቱ ግድግዳ ጋር እንዳይያያዝም አጥብቀን ተከራክረናል። አናጢው የቤቱን ግድግዳ እንደ አንድ ጎን ብንጠቀም ጣውላ እንደሚተርፍ ሲነግረን ሐሳቡ ያጓጓ ነበር፤ ነገር ግን የተረፈው ጣውላ ዋጋ ከአንድ ቤት ጋር የሚወዳደር አይደለም። ምድጃ በማስቀመጫው ክንፍ ሥር አይያያዝም፣ አመድ በአጠገቡ አይደፋም፣ የኤሌክትሪክ ገመድም በላዩ አያልፍም። የአዲስ አበባ እሳት አደጋ አጭር ቁጥር 939 መሆኑን በበሩ ውስጠኛ ገጽ በነጭ ቀለም ጽፈነዋል።

በሌላው ዓለም ከቤት ውጭ የሚቆመው የማገዶ ጎተራ በአብዛኛው የሚሠራው ለድንጋይ ከሰል ነበር። በእንግሊዝ አገር በየጓሮው የነበረው ዓይነት ከላይ መክደኛ፣ ከታች ደግሞ አነስተኛ በር ነበረው፤ ከሰሉ ከላይ ይገለበጣል፣ ከታች በአካፋ ይወሰዳል፣ በዚህም ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። ዛሬ ለቤት ማሞቂያ የሚውለው የተለመደው የድንጋይ ከሰል ሽያጭ በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ተከልክሏል። በእኛ አገር የድንጋይ ከሰል የሲሚንቶ ፋብሪካ ማገዶ እንጂ የቤት ማገዶ ሆኖ ስላላየነው ንድፉ እንዳለ አይጠቅመንም፤ የእንጨት ከሰል ከላይ ቢገለበጥ ይደቃል። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ የሚለው ሐሳብ ግን ትክክለኛ በመሆኑ ወሰድነው። ማስቀመጫው በመካከሉ በጣውላ ለሁለት ተከፍሎ ለየብቻው በር ተደርጎለታል። በእያንዳንዱ ክፍል አራት ማዳበሪያ ቆሞ ሁለት ከላይ ይተኛል፤ አንዱ ክፍል ተሟጦ ሳያልቅ ሌላው አይነካም። ይህ ባይሆን ኖሮ አዲሱ ከፊት እየተደረደረ የኋላው ማዳበሪያ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል።

በነገራችን ላይ አነስተኛም ቢሆን መሬት ላይ የሚገነባ ነገር በመሆኑ አስቀድሞ ወረዳውን መጠየቅ ይገባል። በተለይ በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው ያለ ፈቃድ ብሎኬት ባያቆም ይሻለዋል፤ ለእርሱ ወለሉን በፓሌት ብቻ ከፍ አድርጎ በሚነቀል ጣውላና ቆርቆሮ መሥራት የተሻለ አማራጭ ነው።

ከሰሉ በሚወርድበት ዕለት መታየት ያለበት ምን እንደሆነ ከእናቴ የተማርኩት ከማንም ከተማርኩት ይበልጣል። የግራር ከሰል ከባድ ነው፣ ፍሙም ይቆያል፤ የባሕር ዛፉ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይቀላል፣ ቶሎም ያልቃል። ከአዊ አካባቢ የሚመጣው የዲከረንስ ከሰል በገበያው እየበዛ የሄደ ሲሆን፣ ለዚሁ ተብሎ ከተተከለ ዛፍ በመሠራቱ ከተፈጥሮ ደን ከሚቆረጠው ይልቅ ልቤ የሚያርፈው በእርሱ ነው። እናቴ ከማዳበሪያው አፍ ላይ ያለውን አታይም፤ አፉ ላይ ሁልጊዜ ትልልቁ ይደረደራልና። ማዳበሪያውን ከታች በኩል በእጇ ትጨምቃለች፤ ከጣቷ ሥር እንደ አሸዋ የሚንሸራተት ከሆነ ብናኝ ነው ብላ ትመልሰዋለች። ሁለት ጉማጅ አውጥታም ታጋጫለች፤ በደንብ የከሰለ እንደ ሸክላ ይጮኻል፣ ያልከሰለው ወይም የረጠበው ግን ድምፁ የታፈነ ነው። በዚያው ቀን የረጠበ ማዳበሪያ ከተገኘ ከደረቁ ጋር አብሮ አይገባም፤ ሸራ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ከመታው በኋላ ይገባል።

ማስቀመጫው ከተሠራ ወዲህ ከሰል በቀላሉ ስለሚገኝ፣ ምድጃውን ወደ ቤት ይዞ የመግባት ፈተናም ጨምሯል፤ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ፍሙ ቀልቶ ጢሱ ሲጠፋ መርዙም የጠፋ ይመስላል፤ ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ በበለጠ ኃይል ይጣበቃል፤ ራስ ምታትና ድካም ይጀምርና የተኛው ሰው ሳይነቃ ይቀራል። በየክረምቱ የምንሰማው «ከሰል አፍኗቸው» የሚለው መርዶ ከዚህ ነው የሚመጣው። በእኛ ቤት ከሰሉ ውጭ ይያያዛል፣ ለሙቀት የሚፈለገው በረንዳው ላይ ነው፤ ወደ ሳሎን ከገባም በርና መስኮት ተከፍቶ፣ ከመኝታ በፊት ተመልሶ ይወጣል። ላቀች ምድጃ መጠቀማችንም የከሰሉን ፍጆታ ቀነሰ እንጂ ይህን ጥንቃቄ አላስቀረውም።

የሚቀረው የብናኙ ጉዳይ ነው። ክፍሉ ባዶ በሆነ ቁጥር ፓሌቱ ተነሥቶ ወለሉ ይጠረጋል፤ አፍና አፍንጫን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ጥቂት ውሃ አርከፍክፎ መጥረግ ይሻላል። ብናኙ ከጥቂት የሸክላ አፈር ጋር ተቦክቶ፣ በእጅ ተድቦልቡሎ በፀሐይ ከደረቀ እንደገና ይነድዳል፤ ነበልባል ባይኖረውም ጀበናን ሞቅ አድርጎ ለማቆየት ይበቃል። ጎረቤታችን የእኛን አይተው የራሳቸውን ሲያሠሩ ለዚህ ብናኝ የሚሆን አንድ ትንሽ ሣጥን ከበሩ ሥር ጨምረውበታል፤ እኛም ዘንድሮ ጥቅምት ላይ፣ መሬቱ ደርቆ ሁለተኛው ጭነት ከመምጣቱ በፊት፣ ያንኑ ለማሠራት አናጢውን ነግረነዋል።